የናፒየር ባቡር ሀዲድ የት ገባ?

ጥያቄው ከአንድ ወጣት የመጣ ነው። እንዲህ ይላል፦ “ጋሼ፣ አያቴ የአዲግራት አካባቢ ሰው ነበሩ። በደብራቸው ግቢ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የብረት ደወል አለ። ‘ይኼ የእንግሊዝ ባቡር ሀዲድ ነው፤ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ ያመጣው’ ይሉን ነበር። እኔ ደግሞ የመጀመሪያው ባቡር የጅቡቲው ነው ብዬ ነው የተማርኩት። እውነት ከዚያ በፊት ባቡር ነበር? ከነበረስ ሀዲዱ የት ገባ? ደወሉስ ከዚያ ሊሆን ይችላል?”

ደወሉን ላቆየውና ከባቡሩ ልነሣ።

አዎ፣ ባቡር ነበር። አያትህ ከባዶ አልተነሡም። የጅቡቲው መስመር ሥራ ከመጀመሩ ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር ዳር፣ ዛሬ በኤርትራ ባለችው በዙላ፣ ሀዲድ ዘርግቶ ባቡር ነድቷል። ግን ሀዲዱ ሃያ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ደጋ አልወጣም። አዲግራትን በሩቁም አላያትም።

እኔ የሀዲድ ጥገና ሰው ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በዚሁ ሥራ ቆይቻለሁ። የጦርነት ታሪክ ሳነብ እንኳ ዓይኔ ጀግናውን ትቶ ብሎኑ ላይ ያርፋል። አንተም በዚያው ዓይን ተከተለኝ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. እልሃለሁ።

በእኛ አቆጣጠር ስትቆጥረው ነገሩ ይገርማል። ቦታ መራጩ የጦሩ ቡድን ቀይ ባሕር ዳር የደረሰው በመስከረም 1860 ነው። መሐንዲሶቹ በጥቅምት ወረዱ። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን ወደቀች። ሠራዊቱ በሰኔ ተሳፍሮ አለቀ። እንቁጣጣሽ ተከብሮ ሌላ እንቁጣጣሽ ሳይመጣ ሁሉም ነገር አበቃ ማለት ነው። ባቡሩም የተወለደውና የሞተው በዚያችው ዓመት ውስጥ ነው።

ዙላ ስትባል ወደብ እንዳይመስልህ። ለጥ ያለ አሸዋ፣ ቁጥቋጦ፣ ዳር ዳሩ ጥልቀት የሌለው ባሕር፣ በላዩ ላይ የሚጠብስ ሙቀት። የአክሱም ነገሥታት ወደብ የነበረችው የአዱሊስ ፍርስራሽ እዚያው አጠገብ ተኝቷል። ናፒየር ወደዚህ ሜዳ ያወረደው 13 ሺህ ወታደርና 26 ሺህ ያህል አገልጋይና ተከታይ ነው። የጭነት እንስሳው ከ40 ሺህ በላይ ነው። በቅሎ ከግብፅ፣ ከስፔን፣ ከፋርስ ሳይቀር ተሰብስቧል። 44 ዝሆንም ከህንድ መጥቷል። ባጭሩ፣ አንድ ከተማ ከነገበያውና ከነግርግሩ ከባሕር ላይ ተነሥቶ አሸዋ ላይ ተቀመጠ በለው።

መሐንዲሶቹ መጀመሪያ የሠሩት ባቡር አይደለም። መርከቡ ዳር መጠጋት ስለማይችል ወደ ባሕሩ 640 ሜትር ገደማ የሚገባ የማራገፊያ መድረክ በአንድ ወር ውስጥ ሠሩ። ኅዳር ሲያልቅ ሁለተኛውን ጨረሱ።

ከዚያ የውኃው ጣጣ መጣ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ባቡሩ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባህ ከውኃው ስትነሣ ነው። በዙላ የሚጠጣ ውኃ የለም። ሠፈሩ በቀን 200 ቶን ውኃ ይፈልጋል። ያንን ያገኙት የባሕሩን ውኃ በመርከብ ቦይለር አፍልተው፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ነው። የዙላ ሰው የሚጠጣው ውኃ ከድንጋይ ከሰል የተገኘ ነው ብትል አልተሳሳትክም። ከሰሉም በመርከብ መምጣት ነበረበት።

አሁን በቅሎዋን አስባት። ከባሕሩ ዳር እስከ ኩማይሌ፣ ማለትም እስከ ተራራው ግርጌ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ደረቅ ሜዳ ነው። በቅሎ ብትበዛ አንድ ኩንታል ትጭናለች። እሱን ተሸክማ ለመሄድ ግን በዚያ ሙቀት ብዙ ውኃ መጠጣት አለባት፤ ያውም በከሰል የተፈላ ውኃ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንስሳቱ በጥምና በበሽታ ሜዳው ላይ ወድቀው ቀሩ። ጠባቂ ያጡ በቅሎዎች ውኃ ፍለጋ ሲንከራተቱ ሞቱ። አንድ ፉርጎ 5 ቶን ቢይዝ የሃምሳ በቅሎ ጭነት አነሣ ማለት ነው። ፉርጎ ደግሞ አይጠማውም። የባቡሩ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ስሌት ነው። እስከ መቅደላ ይሄዳል ያለ ሰው አልነበረም። ሥራው ያንን ደረቅ ሜዳ መሻገር ብቻ ነው።

ስሌቱ ትክክል ነበር። ሀዲዱ ነው ጉድ የሠራቸው።

ይህ ጦር የመጣው ከህንድ መሆኑን አትርሳ። ናፒየር የቦምቤይ ጦር አዛዥ ነበር። ባቡሩም ተጭኖ የመጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ ስፋቱ የህንድ ስፋት ነው፤ ከሀዲድ እስከ ሀዲድ 1,676 ሚሊ ሜትር። የድሮው የጅቡቲ መስመራችን 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። የምጽዋ–አስመራው 950 ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ 1,435። በአንድ አካባቢ አራት ዓይነት ስፋት! የአንዱ ባቡር በሌላው ሀዲድ ላይ አይሄድም። እንግሊዝ ፉርጎውን ሁሉ ዙላ ጥሎ ቢሄድ እንኳ ኋላ ለመጣው ለጣልያን ከአሮጌ ብረትነት አያልፍለትም ነበር።

የተላከው ሀዲድ አዲስ አይደለም። ሌላ ቦታ ያገለገለ፣ ከየመስመሩ የተለቃቀመ፣ ዓይነቱ የተለያየ ነው። ላልሠራበት ሰው ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብረት ብረት ነው ይላል። እንዲህ ላስረዳህ። ሁለት ሀዲድ ጫፍ ለጫፍ ሲገጥም ግራና ቀኝ ብረት ይታቀፈውና ቀዳዳው ውስጥ ብሎን ይገባል። የአንዱ ሀዲድ ቁመት ከሌላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢበልጥ መንኮራኩሩ እዚያ በደረሰ ቁጥር እንደ መዶሻ ይመታዋል። ጧ! ሌላው ጧ! ብሎኑ ይላላል፤ መገጣጠሚያው ይሰምጣል። ሾፌሩ ፍጥነት ይቀንሳል፤ አለዚያ ባቡሩ ከመስመር ይወጣል። የብሎኑ ቀዳዳ በሁለቱ ሀዲድ ላይ እኩል ቦታ ካልተበሳ ደግሞ ጭራሽ አይገጥምም። ሄደህ መብሻ ፈልግ፤ መብሻው ደግሞ ገና መርከብ ውስጥ ከሌላ ዕቃ ሥር ነው። በቆላ ሙቀት ላይ ሌላም አለ። 10 ሜትር ሀዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። በመገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ካልተውክለት ቀን ላይ ተጣሞ እባብ መስሎ ታገኘዋለህ። የተለቃቀመ ሀዲድ ይዘህ ይህን ሁሉ ማስተካከል ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሎኮሞቲቮቹም ያው ያገለገሉ ናቸው። አራግፎ አሸዋ ላይ ማሳረፉ ራሱ የቀናት ሥራ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው ቢባልም በክረምት ጎርፍ የሚወርድባቸው ደረቅ ወንዞች ያቋርጡታል። ለእነሱ ስምንት የብረት ድልድይ ተሠራ። ሙቀቱን ችለው ጠጠሩን ያነጠፉት፣ ሀዲዱ የሚያርፍበትን አግዳሚ የተሸከሙት በአብዛኛው ከህንድ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። የእነሱን ስም የጻፈ የለም።

ናፒየር በጥር ከዙላ ተነሥቶ ወደ ደጋ ሲወጣ ሀዲዱ ገና ሜዳው ላይ እየዳኸ ነበር። ደጋ ላይ ወዳለችው ሰንዓፈ የሚወጣው ዋና ሥራ የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። በሱሩ በር በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ እስከ 2,250 ሜትር የሚወጣ የሠረገላ ጎዳና ተቆፈረ። ጦሩን መቅደላ ያደረሱት በቅሎዎቹ ናቸው። ከባዱን መድፍ የተሸከሙት ዝሆኖቹ ናቸው። ባቡሩ በደንብ የጠቀመው ኋላ፣ ሠራዊቱ ድል አድርጎ ሲመለስ፣ ሰውና ዕቃ ወደ መርከቡ በማድረስ ነው። እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ መጥፎ ባቡር ነበር። መሐንዲሶቹን ግን አልወቅስም፤ የተሰጣቸው ብረት ነው መጥፎው። ዘመቻው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል። ያን ያህል ገንዘብ ፈሶ ሀዲዱ ላይ ቁጠባ መጣ! ይህ ነገር በኛም ዘመን አልጠፋም፤ ይሁን።

እንግዲህ ጥያቄህ ‘የት ገባ?’ ነው። መልሱ፦ ተነቅሎ ተመለሰ። ጦሩ ሲወጣ ባቡሩም ተፈታ። ሀዲዱ፣ ፉርጎው፣ ሎኮሞቲቩ መርከብ ላይ ወጥቶ ወደ ህንድ ሄደ። እንደ ድንኳን ነው፤ ካስማው ተነቀለ፣ ተጠቀለለ፣ ተጫነ። ዛሬ ዙላ ብትሄድ ሀዲድ አታገኝም። እንዲህ ባለ ቦታ ሀዲድ ሲነቀል የሚቀረው አፈሩ ነው። ለሀዲዱ ተብሎ የተደለደለ ዝቅተኛ ጉብታ፣ ተፈጥሮ የማትሠራው ቀጥ ያለ መስመር፣ አካባቢው ላይ የማይገኝ ጠጠር። ፀሐይ ስትወጣ ወይም ስትገባ ጥላው ያሳብቅበታል። እኩለ ቀን ላይ ግን ብትረግጠውም አታየውም። ሌላ ቦታ የተነቀለ መስመር ስፈልግ እንዲህ ነው የማደርገው።

ፎቶግራፍ አለ። ከጦሩ ጋር የመሐንዲሶች ፎቶ አንሺ ቡድን መጥቶ ነበር። ዙላን፣ ሠፈሩን፣ መንገዱን አንሥቷል። በአዱሊስም አንድ የጦሩ መኮንን ካፒቴን ጉድፌሎ በዚያው ዘመቻ ቆፍሮ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አግኝቷል። ለእኛ ግን ዙላ የምታስታውሰን ሌላ ነገር ነው። የመቅደላ ብራና፣ ታቦት፣ ዘውድ የወጣው በዚያ ባሕር ዳር ነው። የሰባት ዓመቱ ልጅ አለማየሁም እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን መንገድ ላይ ቀብሮ መርከብ የተሳፈረው ከዚያው ነው። አያትህ ስለ ባቡሩ የሰሙት ይህን ሁሉ ካዩ ሰዎች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ይሆናል። አዲግራት የጦሩ መንገድ ላይ ናት። በሄደበት ተመልሷል፤ የአካባቢው ሰው እህልና ሣር ሸጦለታል። ከባሕሩ ዳር የተመለሰ ሁሉ ‘ብረት ላይ የሚሮጥ፣ ጭስ የሚተፋ ነገር አየሁ’ ብሎ ማውራቱ አይቀርም።

ለጦር ሠፈር ተብሎ የሚሠራ ባቡር ዕጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። እንግሊዞች ይህን ከዙላ በፊትም አድርገውታል። በክራይሚያ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1855 ከባላክላቫ ወደብ ሴባስቶፖልን ወደከበበው ጦር የሚወስድ መስመር በሰባት ሳምንት ዘርግተው፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ተነቀለ። እሱ የተሳካ ነበር፤ የተሠራው በባቡር ተቋራጮች ነው፣ ዕቃውም ለሥራው ተብሎ የተሰናዳ ነው። የዙላ ሰዎች እሱን አስበው መሰለኝ የተነሡት። የእንግሊዙ ጄኔራል ጎርደን ካርቱም ላይ ከተገደለ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1885 ከሱዳኑ ሱዋኪን ወደብ እስከ በርበር እንዘረጋለን ብለው ጀመሩ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄዱ ዘመቻው ተሰረዘ፤ ሀዲዱም እዚያው ላይ ተቋረጠ። ማዶ ኤደንም አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከወደቡ ወደ ላሕጅ አቅጣጫ የተዘረጋው መስመር እ.ኤ.አ. በ1929 ተዘጋ። ስፋቱ እንደ ጅቡቲው 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። ቀይ ባሕርን ቢሻገር ኖሮ ድሬዳዋ ይገባ ነበር ብለን ሥራ ቦታ እንቀልድ ነበር።

ከነዚህ ሁሉ አንድ ብቻ አምልጧል። እሱም ከዙላ አፍንጫ ሥር ነው፤ የምጽዋው። የአያትህም ደወል መልስ ያለው እዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጣልያን ምጽዋን የያዘው በ1877 ነው። ጥር 19 ቀን 1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ወደ ሰሐጢ ስንቅና ርዳታ ይዞ ይሄድ የነበረውን 500 ያህል የጣልያን ጦር ደመሰሱት። ትምህርት ቤት ዶጋሊን ሲያስተምሩን ስለ ጀግንነቱ ነው። እኔ ደግሞ የማየው ስንቁን ነው። ያ ጦር የሞተው በእግሩ እየሄደ ስንቅ ሲያደርስ ነው። ጣልያን ትምህርት ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት በ1880 ጄኔራል ሳን ማርዛኖ 20 ሺህ ያህል ጦር ይዞ ሲመጣ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ 27 ኪሎ ሜትር ባቡር መዘርጋት ነው። እግረኛው የሚሄደው ሀዲዱ በሄደበት ልክ ነው። አጼ ዮሐንስ በመጋቢት ታላቅ ጦር አስከትተው ሰሐጢ ፊት ለፊት ሰፈሩ። ምሽጉን አይተው ሳይዋጉ ተመለሱ። ጣልያን ከምሽጉ አልወጣም። ለምን ይወጣል? ውኃውም ጥይቱም ዳቦውም በባቡር ይመጣለታል።

ባቡር ብቻውን አጼውን መለሳቸው እያልኩ አይደለም። ደርቡሽም በስተጀርባ ጎንደር ገብቶ ነበር፤ ከሸዋም በኩል ጥርጣሬ ነበር። ግን ለዙላ የታሰበው ሥራ፣ ደረቁን ቆላ አቋርጦ ጦር መመገብ፣ በትክክል የተሠራው ሰሐጢ ላይ ነው።

ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዝ ሊሄድ መጥቶ ሄደ። ጣልያን ሊቀመጥ ነው የመጣው። ስለዚህ የጦሩን ሀዲድ አልነቀለውም፤ ቀጠለበት። ጊንዳዕ፣ ነፋሲት እያለ፣ ተራራውን በዋሻና በድልድይ እየተጠማዘዘ በ1904 አስመራ ገባ። ምጽዋ–አስመራ 118 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያ ከረን፣ አቆርዳት፣ በመጨረሻም ቢሻ ደረሰ። የወታደር ፉርጎ የሄደበት ላይ ብርቱካን የጫነች እናት፣ ምጽዋ ለመታጠብ የሚወርድ የአስመራ ቤተሰብ ተሳፈረበት። ሊቶሪና የምትባለውን ባለሞተር ባቡር በዕድሜ ከገፋ የአስመራ ሰው ፊት ብታነሣ ቡና እስኪፈላ ያወራልሃል። በቃኘው ጣቢያ ያገለገሉ አሜሪካውያን ወታደሮችም ሊቶሪናን አይረሱም። ያም የባሕር ማዶ የጦር ሠፈር ነበር፤ ስሙ ደግሞ ከራስ መኰንን ፈረስ የመጣ ነው። ፈረሱ ለቃኘው ሻለቃ ጦር፣ ጦሩ ለጣቢያው ስም አወረሰ።

ሀዲዱ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ ጦር ተመለሰ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር፣ ጦርነቱ ሲበረታ ባቡሩ ቆመ። ሀዲዱና አግዳሚው ብረት እየተነቀለ የምሽግ ጣሪያ ሆነ። በሁለቱም ወገን ነው ይህ የተደረገው። ለምሽግ ከሀዲድ የተሻለ ነገር የለም፤ ረጅም ነው፣ አይጎብጥም፣ አፈርና ድንጋይ ብትከምርበት ይችላል። ኤርትራ ነጻ ከወጣች በኋላ ከየምሽጉ እያወጡ መልሰው ዘረጉት። የሠሩትም ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የድሮ የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ከጡረታ ተጠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቡሩን አስመራ አስገቡት። ይህን ስሰማ አለቀስኩ ብልህ ማጋነን አይደለም። ሌላው ሰው የኔን ሥራ አያውቀውም፤ የተነቀለን ሀዲድ መልሶ ማቅናት ማለት እያንዳንዱን ብረት እንደ ታማሚ መዳሰስ ነው።

አሁን ወደ ደወሉ።

ሀዲድ ደወል መሆኑ አዲስ አይደለም። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ደወሉ ክንድ የምታህል የተቆረጠች ሀዲድ ነበረች። ዘበኛው በብረት ይመታታል፤ ድምፅዋ ሠፈር ያዳርሳል። በብዙ ደብርም አለ። ስለዚህ ‘ሀዲድ ነው’ ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው የማን ሀዲድ ነው ነው። ሦስት ነገር እንድታይ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ጫፉን እይ፣ የተቆረጠበትን። የተገለበጠ ቲ ፊደል መስሎ ከሥሩ ሰፊና ጠፍጣፋ እግር ካለው፣ ያ ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ በእኛ አካባቢ የተለመደው ዓይነት ነው። ላይና ታቹ እኩል ሆኖ ወገቡ ቀጭን ከሆነ፣ እንደ ስምንት ቁጥር ማለቴ ነው፣ ልቤ ይመታል። ያ በዚያ ዘመን በህንድ መስመሮች የተለመደ የእንግሊዝ ቅርጽ ነው። ቁመቱ 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ደግሞ የዋና መስመር ሀዲድ አይደለም። በእጅ የሚገፋ ትንሽ ጋሪ የሚሄድበት፣ ለድንጋይና ለአፈር ማመላለሻ የሚዘረጋ ቀጭን ሀዲድ ነው።

ሁለተኛ ዝገቱን እይ። ይህ ዋናው ነው። በ1860 የነበረው ሀዲድ በአብዛኛው ብረት እንጂ ስቲል አልነበረም፤ የስቲል ሀዲድ በሰፊው የተለመደው ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርና ሃያ ዓመታት ነው። የድሮው ብረት በመዶሻና በመዳመጫ ስለሚሠራ ውስጡ እንደ እንጨት ጭረት አለው። ለረጅም ዘመን ሲዝግ ያ ጭረት ይወጣል፤ የበሰበሰ ወይራ ይመስላል፣ ልጡም በንብርብር ይነሣል። ስቲል እንዲህ አይዝግም። ጉድጓድ ጉድጓድ እያለ ይበላል እንጂ አይሰነጠርም።

ሦስተኛ ጽሑፉን ፈልግ። ፋብሪካዎች ሀዲድ ሲያወጡ በጎኑ፣ በቀጭኑ ወገብ ላይ፣ ስማቸውንና ዓመቱን በጎበጠ ፊደል ያትሙበታል። በየተወሰነ ርቀት ስለሚደጋገም አጭር ቁራጭ ላይ ግማሹ ብቻ ሊገኝ ይችላል፤ ጨርሶም ላይኖር ይችላል። ቀለምና ዝገት ሸፍኖት ስለሚሆን በዓይን አትታመን፣ በጣትህ ዳስሰው።

የኔ ግምት? ደወሉ ከዙላ አይመስለኝም። የዙላው ሀዲድ ተቆጥሮ ተጭኗል። አንድ ሁለት ብረት ለለቃሚ ሊቀር ይችላል፤ አንድ ሰው ያንን በግመል ጭኖ አዲግራት ድረስ ወጣ ማለት ግን ይከብደኛል። ጣልያን ግን አዲግራት ራሷ ገብቷል፤ በ1888 ምሽግ ነበረው፣ በ1928ም ተመልሶ መጥቷል። ከዚያም ወዲህ ከኤርትራ በኩል የተነቀለ ሀዲድ በመኪና መምጣት ይችላል። አያትህ ሁለት እውነት ሰምተው አንድ ያደረጉት ይመስለኛል፤ የናፒየርን ባቡር ወሬ ከአባቶቻቸው ሰሙ፣ የባቡር ብረቱን በዓይናቸው አዩ።

ብሳሳት ደስ ይለኛል። ስለዚህ ወደዚያ ስትሄድ ቄሰ ገበዙን አስፈቅድ። ብረቱን አትፋቅ፣ በሽቦ ብሩሽም አትንካው። ነጭ ጠመኔ በጠፍጣፋው ይዘህ ጎኑን በቀስታ አሻሸው፤ የጎበጠ ፊደል ካለ ጠመኔው እሱ ላይ ብቻ ይይዛል። ፎቶውን ጠዋት ላይ ከጎን በሚመጣ ብርሃን አንሣ። አንዱን ከጫፉ፣ አንዱን ከጎኑ፣ አጠገቡ የአሥር ሳንቲም ሳንቲም አስቀምጥ፣ መጠኑን እንድለይ። ቁመቱንና የእግሩን ስፋት በሜትር ለክተህ ጻፍልኝ።